ለስምሪት ኃላፊያችን፦ ጎማችንን ስለሞላው አረንጓዴ ፈሳሽና ግማሹ ብቻ ስለተጻፈው ቃሌ

ለተከበሩ የሞተር ብስክሌት ስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በዚህ ሙቀት ከጠረጴዛዎ በላይ ሳያሰልስ የሚሽከረከረው ማራገቢያም እንደዚሁ ደህና ይሁንልዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሁለቱም እግሮቼ በሚገባ ይሠራሉ፤ ይህንንም መጥቀሴ በክፍላችን ውስጥ የሁሉም ሰው እግር እንደዚያ ስላልሆነ ነው።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል መግባት እንደሚገባው አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ባለፉት ስድስት ሳምንታት በዚያው መንገድ ሦስት ማመልከቻዎች አስገብቼ፣ የት እንደደረሱ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ብጠይቃት «ገብተዋል፤ መውጣታቸውን ግን አላየሁም» ብላኛለች። በመሆኑም ይህኛው የመግባትና የመውጣት ድካም እንዳያገኘው በግቢያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ እርስዎ መኪናዎን ሲያቆሙ በቀጥታ በሚታይዎት በኩል፣ ለጥፌዋለሁ። መነጽርዎን ረስተው ቢመጡ እንኳ እንዲነበብልዎ ፊደሉን አጉልቼዋለሁ።

ሰሌዳውን ለሚያነቡና እኔን ለማያውቁ ሰዎች ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ከዚህ መሥሪያ ቤት ደምና መድኃኒት ተቀብለን ከከተማ ውጭ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች በሞተር ከምናደርሰው አሥራ አንድ ሰዎች አንዷ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አሥራ ሁለት ነበርን፤ አሥራ ሁለተኛው እርስዎ ነበሩ። ያን ጊዜ «አንተ» ነበር የምልዎ። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ እኔ፣ እርስዎና ሁላችንም ዝምተኛው እያልን የምንጠራው ባልደረባችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄልሜታችንን በጉልበታችን አስደግፈን ጥሪ እንጠብቅ ነበር። አንድ ክረምት ጎማዎ ጭቃ መሃል ተበስቶ ቢቀሩብን፣ ዝምተኛውና እኔ ከግማሽ መንገድ ተመልሰን፣ እሱ እየለጠፈ እኔ እየነፋሁ፣ እርስዎም የመድኃኒቱን ሳጥን በካፖርትዎ ሸፍነው ዝናብ እየመታዎ አብረን ደርሰናል። ኃላፊ ተብለው የተሾሙ ቀን «ወንበር ላይ ብቀመጥም የእናንተው ነኝ» ብለው ነበር። እኛም አመንን። ያንን እምነታችንን በምን ያህል ጥንቃቄ እንደያዙልን ነው ከዚህ በታች በቁጥር ለይቼ የምዘረዝረው።

አንደኛ፤ ምስጋናዬን ላስቀድም። ከአሥር ወር በፊት በግቢያችን ያሳዩንን ሠርቶ ማሳያ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁላችንንም ከጥላው ሥር ሰብስበው፣ እንደ ዘይት ቀለም የወፈረውን አረንጓዴ ፈሳሽ በአንዱ ሞተር የፊት ጎማ ውስጥ በቫልቩ በኩል አጠጡት፤ ነፉት፤ አሽከረከሩት፤ ከዚያም እጅጌዎን ሰብስበው ረጅም ሚስማር በመዶሻ ቀጠቀጡበት። ሚስማሩን ሲነቅሉት ፈሳሹ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማው ሁለት ሦስት ጊዜ እንደዞረ ቀዳዳው ተደፈነ። ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ፀሐይ አናቱን እየጠበሰው፣ በደም ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እየቀለጠበት፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማ የለጠፈ ሰው ያንን አይቶ እጁን አጣጥፎ መቆም አይችልም።

እውነቱን ለመናገር ፈሳሹም አላሳፈረንም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆምኩም። ዝምተኛው ከኋላ ጎማው ሁለት ሚስማር ነቅሎ፣ ቀዳዳው ተደፍኖለት፣ ከሥራው ሳይዘገይ ገብቷል። ስለዚህ ከፈሳሹ ጋር ጸብ የለኝም። የሚችለውን አድርጓል፤ የማይችለውንም ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በግልጽ ጽፎ ነግሮናል። ከእርስዎና ከጠርሙሱ ሐቀኛው ጠርሙሱ ሆኖ በመገኘቱ ልወቀስ አይገባም።

ሁለተኛ፤ የጠርሙሱን ጀርባ ካነሣሁ አይቀር፣ ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ሲለጥፍ የኖረው የግቢያችን ጎሚስታ ነበር። ፈሳሹ የሚደፍነው የጎማውን ጥርስ የወጋ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ እንደሆነ፣ የጎማው ጎን ከተቀደደ እንደማይረዳ፣ ላላለቀ ጎማ እንጂ ለተላጠ ጎማ እንዳልተሠራ፣ ነፋሱ በየዕለቱ መለካት እንዳለበት፣ ፈሳሹም በስድስት ወሩ መቀየር እንዳለበት ይላል። ጎሚስታው ይህንን በእጁ ጽሑፍ ገልብጦ፣ ከፍ ባለ ፊደል፣ በሁለት ገጽ አድርጎ ለእርስዎ አቀረበ። እርስዎም በሳምንቱ ሰርኩላር በማውጣት መለሱለት።

ያ ሰርኩላር በጣም ግሩም ነበር። «ዘላቂ መፍትሔ ስለተገኘ» ይልና፣ የየሞተሩ መንፊያ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውጫ ብረትና ትርፍ የውስጥ ጎማ ተሰብስቦ ግምጃ ቤት እንዲገባ፣ አዲስ ጎማ መጠየቅ ለጊዜው እንዲቆም፣ የጎሚስታው ክፍል ለተሰባበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ እንዲሆን፣ ጎሚስታውም ወደ በር ተዛውሮ የገቢና ወጪ ሰዎችን ስም እንዲመዘግብ ያዛል። ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ያነበበ ሰው ስም የማንበብ ዕድል አገኘ። እኛም ጎማችን ነፋስ ባነሰው ቁጥር ከግቢያችን ፊት ለፊት ወዳለው ብስክሌት አከራይ እየሄድን በእግር የሚረገጠውን መንፊያ መለመን ጀመርን። አከራዩ መልካም ሰው ነው፤ አንድ ቀን ግን «ለመንግሥት ነው ወይስ ለኔ ነው የምትሠሩት?» ብሎ ጠይቆኛል።

ዓመቱ ሲጋመስ ለበላይ ያቀረቡት ሪፖርት የጎማ ብልሽት ዜሮ መሆኑን ያበስራል። ሪፖርቱ ፍጹም ትክክል ነው። የጎማ ብልሽት ማሳወቂያው ቅጽ ከመንፊያዎቹ ጋር አብሮ ስለተሰበሰበ ብልሽት የሚመዘገብበት ወረቀት አልነበረም። የተሰጠዎ የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ከወንበርዎ ጀርባ መሰቀሉን አይቻለሁ፤ ግድግዳው ደምቋል።

ያኔ ለምን ዝም አላችሁ ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። መልሱ ቀላል ስለሆነ አላፍርበትም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አፍርበታለሁ። ሌላ ሰው ያወጣው ሰርኩላር ቢሆን ኖሮ በማግስቱ አሥራ አንዳችንም ቢሮው ደጃፍ ላይ እንቆም ነበር። የእርስዎ ስለሆነ ግን «እሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ የማይሆን ነገር አያደርግብንም» ተባባልን። ይህን ካሉት መሃል አንደኛዋ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፤ አደጋው የደረሰበት ማክሰኞ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከኮረብታው ማዶ ካለው ትንሽ ሆስፒታል ስልክ ተደወለ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት እጅጌዋን የወፍጮው ቀበቶ ይዞት ክንዷ ተሰባብሯል፤ ደሟ እየፈሰሰ ነው፤ አራት ከረጢት ደም በአስቸኳይ ይላክ አሉ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲደርስ ደሙ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሰው ይወጣል። ተራው የዝምተኛውና የእኔ ነበር።

ዝምተኛው ሞተሩን ከመደዳው አውጥቶ ጥቂት ገፋ አደረገና ቆመ። «መሪው ከብዶኛል» አለኝ። ለሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። የፊት ጎማውን በአውራ ጣቴ ብጫነው ገባልኝ፤ ነፋስ አንሶታል። ጎንበስ ብሎ ሲያየው በጎማው ጎን የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ አገኘ፤ በስንጥቁ ዙሪያ አረንጓዴው ፈሳሽ ወዝቶ ደርቋል። ብስክሌት አከራዩ ገና አልከፈተም። ስለዚህ ሁለታችንም ወደ እርስዎ ቢሮ መጣን።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሁለታችንም በሚገባ የምናውቀው፣ ነገር ግን አንዳችን ብቻ የምናስታውሰው ክፍል ነው። እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ። ቆዩ ለማለት ጣትዎን አነሡ፤ ቆየን። ስልኩን ሲዘጉ ከግምጃ ቤት አንድ መንፊያና አንድ ጎማ እንዲያስወጡልን ጠየቅኩ። «እናንተ ደግሞ ዛሬም ከመንፊያ አልተላቀቃችሁም?» ብለው ፈገግ አሉ። ዝምተኛው «የተቀደደው ጎኑ ነው» አለ። «ሲሽከረከር ፈሳሹ ራሱ ይይዘዋል፤ እዚያ ሰው እየሞተ እዚህ ስለ ጎማ እናወራለን?» አሉት። ዝምተኛው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። «ሂዱ አልኩ እኮ» አሉ። ሄድን።

ሰው እየሞተ ነው የሚለው ቃል በእኛ ሥራ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃሉ። እርስዎም በጊዜዎ በዚያ ቃል ተነሥተው ስንት ጊዜ ጎርፍ ተሻግረዋል። ስለሚያውቁት ነው የተጠቀሙበት።

ድንጋይ ጠራቢዎች ከሚሠሩበት ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ የዝምተኛው የፊት ጎማ ከቸርኬው ወጣ። እኔ ከመቶ እርምጃ የማይበልጥ ከኋላው ነበርኩ። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። መሪው በእጁ ላይ ሲጠመዘዝ፣ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን፣ እሱ ወደ ሌላ ወገን ሲሄድ አየሁ። ስደርስ ጎማው ቸርኬው ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ፈሳሹ መንገዱ ላይ ተዘርግፎ ነበር፤ ሁሉም እዚያው አለ፤ አንድም ጠብታ የያዘው ነገር አልነበረም። የዝምተኛው ጭን ከጉልበቱ በላይ ባልተለመደ ቦታ ታጥፎ ነበር። ዐይኑን ሲገልጥ የጠየቀኝ ስለ እግሩ አልነበረም። «ሳጥኑስ?» አለኝ። ሳጥኑ ደህና ነው አልኩት። «ካንቺው ላይ እሰሪውና ሂጂ» አለ።

አልሄድም አልኩት። «ለሁለታችንም ነው የምትሄጂው» አለኝ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ መዶሻቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ፤ አንዱ አዛውንት ኮቱን አውልቆ ከራሱ ሥር አደረገለትና «ሂጂ ልጄ፣ እኛ አለን» አለኝ። የሱን ሳጥን ከእኔው ላይ በገመድ አሰርኩ። ከዚያም ባልደረባዬን መሬት ላይ ጥዬ፣ ያው ፈሳሽ ባለበት ጎማ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። መንገዱን ሳይሆን የፊት ጎማዬን እያየሁ ነው የደረስኩት።

ነርሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ስለነበር ሳጥኖቹን ከእጄ ነጥቃ ሮጠች። የወፍጮ ቤቷ ሴት ክንዷን ከክርኗ በታች አጥታለች፤ በሕይወት ግን አለች። በቀደም ለዝምተኛው መልእክት ልካለታለች። ሲሻላት መጥታ እንደምትጠይቀው ነግራዋለች። እርስዎ ለበላይ ባቀረቡት ጽሑፍ «ደሙ ያለ አንዳች መስተጓጎል ደርሷል» ብለዋል። ደርሷል፤ መስተጓጎሉ ግን ሆስፒታል ተኝቶ ሁለት ቦታ የተሰበረ ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። ሐኪሙ በእግሩ እንደሚሄድ ተስፋ ሰጥቶታል፤ ስለ ሞተር ግን አንድ ዓመት ሳይሞላ እንዳይጠይቀው ነግሮታል።

አራተኛ፤ በአደጋው በሦስተኛው ቀን እቤቴ ድረስ መጥተው ስለ ጎበኙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በእግርዎ መጡ፤ ክራቫት አላሰሩም፤ በር ላይ ጫማዎን ጠረጉ። እናቴ «ልጄ፣ ከሳህ» ብላ አቀፈችዎ። እኔ ከአልጋዬ አልተነሣሁም ነበር፤ ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ እግር ይታየኝ ነበርና። አጠገቤ ተቀምጠው «እንደ ወንድም ነው የመጣሁት፤ ቃለ ጉባኤ የለ፣ ወረቀት የለ። እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ፤ ይውጣልሽ» አሉኝ።

ነገርኩዎ። እያለቀስኩ ነው የነገርኩዎ። መሪው ከብዶኛል ማለቱን፣ ስንጥቁን ማየታችንን፣ ቢሮዎ መምጣታችንን፣ ያሉንን ቃል በቃል፣ እኔም አልሄድም ማለት ስችል አለማለቴን ሁሉ ነገርኩዎ። «አንተ ትንሽ ብትሰማን ኖሮ» ብዬም ነበር። ያን ጊዜ አንገትዎን ደፉ። በመሐረብዎ ዐይንዎን ሲጠርጉም አይቻለሁ። «ልክ ነሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው እጄን ያዙ። ሲሄዱ እናቴ እስከ በሩ ሸኝታዎ ተመልሳ «ወንበር ያልለወጠው ሰው ብርቅ ነው» አለችኝ። እውነትሽን ነው አልኳት። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ዕለት ነው። ለዚያ እንቅልፍ ጭምር አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

አምስተኛ፤ አደጋውን እንዲያጣራ በእርስዎ ሰብሳቢነት የተቋቋመውን የመርማሪ ኮሚቴ ሪፖርት ያየሁት ዝምተኛው ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ሚስቱ ገና ድምፄን ስትሰማ «ግቢ እህቴ» እያለች ነበር የምትከፍትልኝ። ያን ቀን በሩን ከፍታ ትታልኝ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ዝምተኛው እግሩን በሁለት ትራስ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ከራስጌው ሁለት ገጽ ወረቀት አንሥቶ ሰጠኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ «አሽከርካሪው ከመነሣቱ በፊት መሪው እንደከበደውና የፊት ጎማው ጎን እንደተቀደደ ያውቅ እንደነበር አብራው የነበረችው የሥራ ባልደረባው በአንደበቷ አረጋግጣለች። ይህን እያወቀ መንቀሳቀሱ ከባድ ቸልተኝነት በመሆኑ ከሥራው እንዲሰናበት ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ደግሜ አነበብኩት። «ይሄ ያንቺ ቃል ነው?» አለኝ። ነው አልኩት፤ ግን ግማሹ ነው አልኩት። ሚስቱ ከጓዳ በር ላይ ቆማ «ታዲያ ግማሹን ለምን ሰጠሻቸው?» አለችኝ። ሁሉንም ነው የሰጠሁት ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለማን ሰጠሽ ብትለኝ ለወንድማችን ልላት ነው፤ ያ ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ዝምተኛው «ተያት» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቢሮ የሄድነውስ የት ገባ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እንግዲያው እሱን አንቺው ጻፊው» አለኝና ዐይኑን ጨፈነ። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሚስቱ አልሸኘችኝም። አልፈርድባትም።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ላመስግንዎ፤ ቃሌን አልዋሹበትም። ሪፖርቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው። አንድም ነገር አልጨመሩም። ከነገርኩዎ ሁሉ መሃል የቀነሱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ዋሽተው ቢሆን ኖሮ ሐሰት ነው ብዬ እጮህ ነበር። እርስዎ ግን እውነቴን ወስደው፣ በልኩ ቆርጠው፣ ጓደኛዬን መቱበት። በዚህ ዓለም ላይ ያንን መዶሻ ሊያቀብልዎ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ ነበርኩ፤ አቀበልኩዎ።

ስድስተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ለመረጃ ያህል ብቻ ነው። ባለፈው ሰኞ በምሳ ሰዓት ጎሚስታችን ከበሩ ተነሥቶ፣ የስም መዝገቡን ዘግቶ፣ በራሱ ብረት የእኔን የፊት ጎማ ከፈተው። አሥራችንም ቆመን አየን። ፈሳሹ ደርቆ እንደ ላስቲክ ድቡልቡል ተጠቅልሏል፤ በስድስት ወር መቀየር የነበረበት አሥር ወር ሆኖታልና። ጎማው ውስጥ ሦስት ሚስማርና የክብሪት እንጨት የሚያህል ሽቦ ተሰክቷል። አንዱንም አላውቀውም ነበር፤ ነፋሱን ስለያዘልኝ ደህና ነኝ ብዬ በየቀኑ እየነዳሁት ነበር። ሽቦው የውስጥ ጎማውን ሲፍቀው ኖሮ ብርሃን ሊያሳይ ምንም አልቀረውም። ጎሚስታው በጣቱ ዳሰሰውና «እስከ ዓርብም አይደርስልሽም ነበር» አለኝ። የሌሎቹም ተከፈተ። ከአሥሩ ጎማ አራቱ ለመንገድ አይሆኑም ተብለው ተለዩ።

የሆነውን ጽፈን ፈረምን። አሥራ አንደኛው ፊርማ የዝምተኛው ነው፤ አልጋው ላይ ሆኖ ፈርሟል፤ ሚስቱ ናት ወረቀቱን በሰሌዳ ደግፋ የያዘችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛችንም ጎማችን ሳይታይና ነፋሱ ሳይለካ ከግቢ አንወጣም። ብስክሌት አከራዩ መንፊያውን ሙሉ ለሙሉ አውሶናል። በዚህም ምክንያት እስካሁን አንድም ደም አልዘገየም፤ አሥር ደቂቃ ቀደም ብለን እንገባለን፤ ይኸው ነው። እርስዎ ግን «ሥራ ለማስተጓጎል የተደረገ አድማ» በሚል ርእስ ማስጠንቀቂያ ልከውልናል። ማስጠንቀቂያውን በአክብሮት ተቀብለናል፤ በሁለት ቀን ውስጥ አሥር ደብዳቤ ፈርመው ማድረስዎን ስናይ፣ ለካ ወረቀት በዚህ ቢሮ ውስጥ እንዲህ መሮጥ ይችላል ብለን ተደንቀናል።

እንግዲህ ከእርስዎ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሰጠሁት ቃል አንዲት ፊደል አልሰርዝም። ያን ጠዋት ቢሮዎ እንደመጣን፣ ስንጥቁን እንደነገርንዎ፣ ሂዱ እንዳሉን፣ በጻፉት ግማሽ ላይ ይጨመርልኝ። ኮሚቴው በሚሰበሰብበት በማንኛውም ቀን እርስዎ ባሉበት ቆሜ እደግመዋለሁ። እኔም አልሄድም ማለት እየቻልኩ መሄዴ፣ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስም ስለ ፍቅር ብዬ ዝም ማለቴ አብሮ ይጻፍ። ለሱ የሚገባኝ ቅጣት ካለ እቀበላለሁ። ዝምተኛውን ግን ወደ ሥራው ይመልሱት። ባይነዳ እንኳ የሚሠራው አያጣም፤ ከሁላችንም በላይ የጎማን ስንጥቅ የሚያይ ዐይን አለው፤ ያየውንም አይቀንስም።

ስለ አዘኔታዎ፣ ስለ መሐረብዎ፣ ሰው ስለሚያዳምጡበት ትዕግሥትና የሰሙትን ስለሚያስቀምጡበት ጥንቃቄ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ግድግዳዎም ለተጨማሪ የምስጋና ወረቀቶች ቦታ እንዳያጣ እመኛለሁ።

ከዕለት ዕለት እየጨመረ ከመጣ አክብሮት ጋር፣
በሪፖርትዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ «የሥራ ባልደረባው» በሚል የተጠቀስኩት
የደምና መድኃኒት አድራሽ

ግልባጭ፦
ለመርማሪ ኮሚቴው
ለዝምተኛውና ለባለቤቱ
ለመዝገብ ቤት (ከገባ ደግሞ እንዲወጣ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምላሽ ሊሰጡኝ ቢወዱ በጽሑፍ፣ በቁጥርና በቀን፣ ማኅተም አድርገው ይላኩልኝ። እቤት ድረስ መድከም አያስፈልግዎትም። እናቴ ዛሬም ጠዋት «ያ ልጅ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። ያደረጉትን አልነገርኳትም፤ ማንበብ ስለማትችል ከዚህ ሰሌዳም አታገኘውም። ይህንን ያደረግኩት ለእርስዎ ክብር አስቤ አይደለም። በቤታችን ውስጥ ሰውን ማመን የሚችል አንድ ሰው እንኳ ይትረፍ ብዬ ነው።